ልክ ልኳን

በኮቪልያ ከተማ፣ በፖርቱጋል ምድር፣
«ሴራ» ነው የሚባል የተራራው ድርድር።
ቃሉ የነሱ ነው፣ ፍቺው ከእኛ መጣ፤
ቁልቁለቱ ሲያሴር በኦንዲና ጣት ላይ
ማን ምስክር ወጣ?

ፖስተኛ ናት ኦንዲና፣ አርባ ስድስት ዓመቷ፣
ጧት ደብዳቤ ታድላለች፣ ማታ ዳገት ነው ቤቷ።
በሃያ ዓመቷ የተጫማችው ሠላሳ ሰባት ቁጥር ነው፤
ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጅ ወለደች፣ እናቷን ቀበረች፣
ቁጥሯን ግን እንደ መታወቂያ ይዛው ኖረች።

መጀመሪያ ቀላ። ቀጥሎ ወይን ጠጅ መሰለ።
በሦስተኛው ቀን ጠቆረ፣ ከሥሩ ደም ያዘለ።
ሁለተኛው ጣቷ ነው፣ ከአውራው የሚረዝመው፤
ግድግዳውን ቀድሞ የሚገጨው፣ ቀድሞ የሚታመመው።
አንድ ቁልቁለት ስንት እርምጃ ነው? በሺህ ይቆጠራል፤
በየእርምጃው ጣቷ በር ያንኳኳል፣
ከውስጥ «ማነው?» የሚል የለም፣
እሱም መልሶ ያንኳኳል።

ቀይ ቀለም ቀባችው፣ በመዋኛው ቤት ሰው እንዳያይባት።
«ሯጭ ሆነሽ ሳለ!» አለች ግራሲዬት፣ እየሳቀችባት።
እሷ እንኳ ሦስት ጥፍር ጥላለች፣
እንደ ጡረተኛ ወታደር ቁስሏን እያሳየች ታወራለች።

ከተዘጋው የሱፍ ፋብሪካ ፊት ለፊት፣ በአልሲኖ ሱቅ፣
ጫማ አይሸጥም ሽማግሌው፣ እግር ሳይጠይቅ።
«ጧት አትምጪ» ይላል፣ «እግር ጧት ይዋሻል፤
ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲያብጥ፣ ማታ እውነቱን ያወጣል።»
ማታ መጣች። በባዶ እግሯ አቆማት፣ ሰሌዳው ላይ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣ ጎንበስ አለ ሊያይ።
«ሠላሳ ዘጠኝ» አለ።

ልክ ልኳን ነገራት!
ያውም በሰው ፊት።

«እኔ? ሠላሳ ዘጠኝ?» እንደተሰደበ ሰው
ሳትሰናበት ወጣች፤
ለሚያዝያው ውድድር በዚያው በድሮው ጫማዋ ተሰለፈች።

ሽቅቡ ደግ ነበር። ሽቅብ ጣት አይነካም።
ከጫፉ ሲዞሩ ግን አሥራ ስምንት ኪሎሜትር ቁልቁል፣
ተረከዝ ሲንሸራተት፣ ጣት ከፊት ሲጠቀጠቅ፣
ጥርሷን ነክሳ ወረደች።
ቤቷ ገብታ ካልሲዋን ስታራግፍ፣ ወለሉ ላይ፣
ጠብ አለ ጥፍሯ፣ ቀይ ቀለሙ እንዳለ ከላይ።
«ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ጠጉር» እንላለን፣ ሙሉ ሰው ስንቆጥር፤
ኦንዲና ከመነሻው ጎደለች፣
ከጥፍር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላት
ወደ ላኪ የመለሰቻቸውን ደብዳቤዎች አሰበች፤
«የቤት ቁጥር ተሳስቷል» ብላ ስንቱ ላይ ማኅተም መታች!
ሃያ ስድስት ዓመት የሰውን ስሕተት ስታርም፣
በተሳሳተ ቁጥር የላከችውን የራሷን እግር
ማንም አልመለሰላትም።

ማክሰኞ ማታ ሄደች። አልሲኖ «ነግሬሽ ነበር» አላለም።
(ቢላት ኖሮ፣ እንጃ፣ ይህ ግጥም ዛሬም አያልቅም።)
አውራ ጣቱን ከረጅሙ ጣቷና ከጫማው አፍንጫ መሃል አስገባ፣
«ይህን ታህል ባዶ ቦታ ተዪ፤ ለቁልቁለቱ፣ ለእብጠቱ፤ ነፋስም ይግባ።»
ማሰሪያውን በመጨረሻዋ ቀዳዳ አሾልኮ ቋጠረው፣
ተረከዟን እንዲይዘው፣
ጣቷን ግን እንዲተው።

ጥፍር ቶሎ አይበቅልም። በግንቦት ስስ ነገር ታየ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ፤
በጥቅምት ገና ግማሽ ነው፣ ወጣ ገባ፣ ወዝ የሌለው፣ ያልተስተካከለ።
በገና ሰሞን ጣቷን ሸፈነ። አልቀባችውም።
ቀይ ቀለሙ ጠርሙሱ ውስጥ ደርቋል፤ ልትጥለውም አላሰበችም።

ዛሬ እግሯን ስትሰድ
ሳይታጠፍ ይገባል፣ እንደ ደብዳቤ በሰፊ ፖስታ፤
«ሴራ»ውን ትወርዳለች
ጣቷ በር ሳይመታ።