ባዶውን አይመለስም

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው ኢዲል፣
በቻይኖቹ ድስት ጠዋት ማታ ስትምል።
ሦስት ዓመት ሐዲዱ ላይ ስታስተረጉም ኖራ
ምላሷ ተመልሷል ቅመም እየጠራ።
"እንዘዝ" አለች እሮብ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
ድሬ እንደ ብረት ግላ፣ ጥላው እንኳ ሲሞቅ፤
"ሾርባውን በባልዲ፣ ጥሬውን በሳህን፣
ድስቱን በማስያዣ ይልኩልናል አሁን፤
እኛው እንቀቅላለን ዙሪያውን ተቀምጠን።"

ጋሽ ወርዶፋ ሳቁ፣ የባቡር ጡረተኛ፣
ፉርጎ ሲቆጥሩ ያረጁ፣ የእንቅልፍ ጠበኛ፦
"አቦ! ከፍዬ ደግሞ እኔው ልቀቅል?
ነገ ፀጉር ቆራጩ መቀስ ያቀብለኛል፣
'በል ራስህ ቁረጥ' ሊል።"

ፈቲያ፣ አከራያችን፦ "ሐላል ነው? ማን አረደው?"
ትርሲት ከመስኮቷ፦ "እኔስ? ዛሬ ጾም ነው።"
ኢዲል ፈገግ አለች፣ ይህንን የጠበቀች፣
በጣቷ አየር ላይ አንድ ክብ አበጀች፣
ክቡን ከመሐሉ በመስመር ከፈለች፦
"ድስቱ ግድግዳ አለው።
በዚህ በኩል ጎመን፣ እንጉዳይ፣ ቶፉ ነው፤
በዚያ በኩል በግ ነው፣ ያረደው ጀማል ነው።
አንድ ፍም ያፈላዋል፣ አንዱ ካንዱ ሳይደርስ።"

ጋሽ ወርዶፋ ዝም አሉ።
"ይሄማ ድሬ ነዋ" አሉ ቆይተው፣
"ወዲያ ከዚራ፣ ወዲህ መጋላ፣
መሐሉ ላይ ደቻቱ።"

አዋጣን። የጎደለውን ከእቁቡ ተበደርን፣
ለአምስት ሰው አዘዝን።
መብራቱ እንደ ልማዱ ሄደ፤
ከሰሉ ተቀጣጠለ፣ በርጩማው ተደረደረ።

ደንገጎ ላይ ነው የዘነበው።
እኛ ጠብታ አላየንም።

ስልኩ ጮኸ። ኢብሳ ነው፣ ባለ ባጃጁ፦
"ወንዙ ዳር ደርሻለሁ፣ ደቻቱ መጣ እንጂ!
ግንድ ይዞ፣ በርሜል ይዞ፣ ድንጋይ እያንከባለለ።
በታች በኩል ልሞክር? ሾርባው ሳይቀዘቅዝ?"

ኢዲል "ሞክር" ልትል አፏን ስትከፍት
ፈቲያ፣ ያቺ ከነጋ ጀምራ ስትስቅ የምትውለው፣
ስልኩን ነጠቀቻት፣ በሁለት እጇ ያዘችው።
"ስማኝ ልጄ። ሾርባ ይፈስሳል፣ ሌላ ይሠራል።
ከባጃጅህ ውረድ። ከፍ ካለው ቦታ ቁም።"

ሳሎኗ ግድግዳ ላይ፣ ከትከሻዬ በላይ፣
አንድ የጭቃ መስመር አለ።
ዘንድሮ ቀለም ስንቀባ
"እሱን እለፉት" አለችን።
አለፍነው። ለምን ብለን አልጠየቅንም።

በየሩብ ሰዓቱ ትደውላለች፦
"ቆመሃል?"
"ቆሜያለሁ።"
"ድምፁን አሰማኝ።"
ስልኩን ወደ ወንዙ ያዞረዋል፤
እኛ በጨለማ፣ ፍሙን ከበን፣
ውኃ ስናዳምጥ አመሸን።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ገባ፣
እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣
ድስቱን በጃኬቱ ጠቅልሎ፣ እንደ ታመመ ሕፃን አቅፎ።
ሾርባው በርዷል፤ የበጉ ሞራ ላዩን ነጭ አልብሶታል።
"ሂሳቡን ስጡኝና ልሂድ" አለ።
"ቁጭ በል" አለች ፈቲያ። በርጩማዋን ለቀቀችለት።

ድስቱ እስኪፈላ ማንም አልተናገረ።
ከዚያ የእንፋሎቱ ሽታ ወጣና ሁሉም ባንዴ አወራ።
የጋሽ ወርዶፋ ሥጋ ከእንጨቱ አምልጦ ሰጠመ፤
"ፉርጎ ጠፋ!" ብለው በጭልፋ ሐዲዱን አሰሱ፣
አንድ የተረሳ ድንች አግኝተው ተመለሱ።
ሐሙስ ገባ። ትርሲት ከራሷ ወገን አልወጣችም፣
እንጉዳዩን ግን ለማንም አላስቀረችም።
ኢብሳ ከቅመሙ አለቀሰ። ወይም ቅመሙ ነው አለ።

ጠዋት ድስቱ ታጥቦ፣ ኢዲል ልትመልስ ስትል
ፈቲያ በሩ ላይ ቆመች፦
"የሰው ዕቃ? ባዶውን?"
"እትዬ፣ ምግብ ቤት ነው! ከፍለናል እኮ!"
"ይሁና።"
በአንዱ ወገን ጊሽጣ፣ በአንዱ ወገን ዘይቱን፣
ግድግዳውን ሳታልፍ ሞላችው ድስቱን።

ባለቤቲቱ ክዳኑን ከፈተች አሉ፣
ጊሽጣውን አገላበጠች፣ አሸተተች፣
"ይህን አላዘዝኩም" አለች። "ስንት ነው?" አለች።
ሦስት ዓመት ያስተረጎመችው ኢዲል
ቆማ ቃል ፈለገች፣
አጣች።