ዘጠነኛው ነጥብ

ሌሊት ስምንት ተኩል ስልኬ ነዘነዘኝ፤
ገና ያኔ ነበር እንቅልፍ የያዘኝ።
«ዘጠነኛው ነጥብ አልተነካም» አለ፤
ዘበኛው ወይ ሸሽቷል፣ ወይም ተኝቶ አለ።

ነጥቦቹ አሥራ ሁለት፣ ሙዝ መጋዘኑን ዞረው፣
እንደ ካፖርት አዝራር ግድግዳ ላይ ሰፍረው፣
ዘበኛው ሌሊት ሁለቴ እየዞረ ሊነካቸው፣
ባለመጋዘኑም በኔ ሒሳብ ሊቆጥራቸው።
አንዷ ነጥብ ከጎደለች፣ ቅጣቷ መቶ ሃያ ዩሮ፣
ከወር ክፍያዬ ላይ ይነሣል ተቆንጥሮ።

ድርጅቴ ይኼ ነው፦ አሥራ አራት ዘበኛ፤
ጸሐፊም፣ ሹፌርም፣ የመጨረሻ ተረኛ
እኔው ነኝ።
ምን ትሸጫለሽ ሲሉኝ «ምንም» ነው መልሴ፤
እሱን ሸጬ አይደል ወይ የቤት ኪራይ፣ ልብሴ።
ምንም ያልሆነ ሌሊት፣ ምንም ያልጠፋበት፣
አጥሩ ያልተቆረጠ፣ በሩ ያልተነካበት፣
ጨለማን በሰዓት፣ በዩሮ ተምኜ
ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣ በምንም አምኜ።
ባለመጋዘኑ ግን ሁለት ጥያቄ አለው፦
ምንም ካልጠፋ፣ «ታዲያ ለምንድን ነው የምከፍለው?»
አንድ ካርቶን ከጎደለ፣
«ታዲያ ለምንድን ነው የምከፍለው?»

ማንን ልላክ? ዝቢግኔቭን ወገቡን ይዞታል፤
ሱፊያን ነገ ፈተና አለው፤ የማርሊን ስልክ ተዘግቷል፤
የቀረውም የዘብ ፈቃዱን ከፖሊስ ይጠብቃል።
ተነሣሁ።

የማስን ወንዝ ተሻገርኩ፣ ዝናብ መስታወቱን ሲያጥበው፣
የስንብት ደብዳቤውን በልቤ ሳነብበው፦
«አቶ አዲልሰን፣ በሥራ ሰዓት ላይ ጎድለው ከአደራ...»
ጥሩ ደብዳቤ ነው። ለኔም ደርሶኝ ነበር፣ ዘብ ሆኜ ስሠራ።

ከዘብ ጎጆዋ ደረስኩ። መብራቷ በርቷል።
ጫማውን አውልቆ አዲልሰን ተኝቷል።
ቁርጭምጭሚቱ አብጦ የካልሲው ጠርዝ ሠርጎበታል፤
ከወንበሩ ጀርባ ሌላ የደንብ ልብስ ሰቅሎ፣
የሌላ ድርጅት አርማ ደረቱ ላይ ተስሎ።
ቀን የገበያ አዳራሽ በር ይቆማል፤ ማታ ለኔ ይዞራል፤
እግር ሁለት ነው መቼም፤ ሦስተኛውን ከማን ይበደራል?

ያኔ ጨረታው ታወሰኝ። ያ ጨረታ፣ የሰኔው፣
በሰዓት አርባ ሳንቲም ቀንሼ ያሸነፍኩት እኔው።
አርባ ሳንቲም ከየት መጣች? ከኔ ኪስ አልወጣች፤
ከዚህ ሰው እንቅልፍ ላይ ተሸርፋ ነው የመጣች።
ካሜራው ይኼን አላየም።
ካሜራ ጨረታ አያይም።

«ይጠብቃል» የሚለው ቃል ሦስት ነው ለኔማ፦
ዘብ ቆሞ ይጠብቃል፣ በዝናብ በጨለማ፤
ሊነጋ ሲል ይጠብቃል፣ የተተኪውን ኮቴ ሊሰማ፤
አላልቼ ሳነበው ደግሞ፣
ያን ጊዜ ይጠብቃል ጫማ።

አልቀሰቀስኩትም። መሣሪያውን አነሣሁ ከጭኑ፣
በዝናቡ ወጣሁ ወደ መጋዘኑ።
ከአጥሩ ወዲያ መርከብ ታራግፋለች፤ መብራቷ ውሃው ላይ፣
ያልበሰለ ሙዝ ሽታ፣ አንዲት ድመት ከኮንቴነር በላይ።
ዘጠነኛውን ነካሁ። ጢጥ አለና አረንጓዴ በራ፤
«እናመሰግናለን፣ አዲልሰን» አለኝ፣ በሱ ስም ተጣራ።
አሥረኛውን። አሥራ አንደኛውን። ጉልበቴ የድሮ መንገዱን አወቀ፤
አሥራ ሁለተኛው ጋ ስደርስ
የካፖርቴ ደረቅ ቦታ አለቀ።
ተመልሼ ከደጃፉ ቆምኩ እስኪነጋ ድረስ፣
ዘበኛዬን ስጠብቅ፣
እሱ በቀስታ ሲተነፍስ።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ «እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ምንም አልተፈጠረም።»
መቶ ሃያው ዩሮ ግን አልቀረም።
ደብዳቤውን አልጻፍኩም፤ አልተውኩትም ደግሞ።
ቢሮ ስገባ፣ ሰንጠረዡ ግድግዳው ላይ ቆሞ፣
የሐሙስ ሌሊት አሁንም ባዶ ነው።
«ስንቅነሽ» ብዬ ጻፍኩበት፣
በእርሳስ።