መስመር የሌለው አንገት

ዘጠኝ መቶ ዝሎቲ በፖስታ ታጥፎ፣
የበረዶው ወራት ትርፍ ሰዓት ከቀለቤ ተርፎ፣
ደረት ኪሴ ገባ፤
እኔም ቅዳሜ ረፋድ ኢሬኔዉሽ ሱቅ ገባሁ፣ እንደ ሌባ።

"ለልጅሽ ነው?" አለኝ።
"ለራሴ ነው" አልኩት፤ ላብ ላብ አለኝ።
ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ቦዤና እባላለሁ፤ የግዲኒያ ሹፌር፤
አውቶቡሴ ቀንዱን ሽቦ ላይ ሰክቶ ነው የሚኖር።
ሽቦው ግራ ካለ፣ እኛም ወደ ግራ፤
ሽቦው ካለቀ ቁም፤ ሌላ የለም ሥራ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት መስመር ነድቶኝ ነድቶኝ፣
ፍሬት የሌለው ቤዝ ጊታር አንድ ቀን አማረኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ ጋራዥ ውስጥ ስንሰባሰብ፣
(ዚግሙንት በአኮርዲዮን፣ እኔ በድሮው ቤዜ፣ መካኒኩ ከበሮ ሲደበድብ)
አንድ ድምፅ ፈለግሁ፤
በሁለት ብረት መሃል ተቀብሮ የቀረ፤ ጣቴን ባሾልክ ባሾልክ አልደረስኩም፣ አጣሁ።

ፍሬት የብረት ደረጃ ነው፤ አንገቱን ያቋርጣል፤
ጣት በግምት ቢያርፍም እሱ ይቅር ይላል።
ያለ እሱ ይቅርታ የለም፤
ጥፍር ታህል ብትስት፣ ይሰማሃል ዓለም።

ሦስት አወረደልኝ።

አንደኛው አዲስ ነው፤ የፋብሪካ ሙጫው ገና ይሸታል፤
ሺህ መቶ ነው ዋጋው፤ ከኪሴ ይርቃል።
ፍሬት በሚኖርበት ነጭ መስመር ተስሏል፤
"ለጀማሪ ደግ ነው፤ ዓይንሽ ይመራሻል።"
ዓይኔ! ዓይኔማ መች አረፈ?
መስመር ሲጠብቅ አይደል ዕድሜው ያለፈ?

ሁለተኛው አራት መቶ ሃምሳ፤ ዋጋው ልብ ያሞቃል፤
አንድ ተማሪ ፍሬቱን በጉጠት ነቅሎታል፤
ጉድጓዱን በስቱኮ ደፍኖት፣ ወላቃ ድድ መስሏል።
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንገቱን እንደ ጠመንጃ ባነጣጥረው፣
ጠሟል፤ ዝናብ ያበጠው በር ነው።
ክሩን ብነካው፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ገባ ዝንብ ጮኸ።
"ይጠገናል" አለኝ። "በስንት?" ስለው ሳቀ፤
ርካሹ ከውዱ ላቀ።

ሦስተኛው ከበር ጀርባ ነበር፤ የሚሸጥም አይመስልም፤
ትከሻው ላይ ቀለም የለም፤
አንድ ቁልፉ ጠፍቶ የቢራ ቆርኪ ተተክቶለታል፤
አንገቱ ግን ቀጥ ብሏል።
መስመር የለ፣ ጥርስ የለ፤ ጥቁር ለስላሳ እንጨት፤
ጎኑ ላይ ብቻ ጥቃቅን ነጠብጣብ፣ ለያዘው እንጂ ለተመልካች የማትታይ ምልክት።

ጣቴን አሳረፍኩ። ድምፁ ዝቅ አለ፤ ዳገት እንዳቃተው።
ኢሬኔዉሽ መበየጃውን ሳያስቀምጥ፣ ቀናም ሳይል፣ "ወደ ላይ ግፊው፤
ጥቂት... ጥቂት... አትፍሪ።"
ገፋሁት። እንደ እርጥብ ጨርቅ ተሳበ፤ ከዚያ ቆመ፤
የመስኮቱ መስታወት ለአፍታ ታመመ።

"ስምንት መቶ ሃምሳ።
ሸካራ ክር ግን እንጨቱን ይበላል፤ ልስልሱን ግዢ፣ መቶ አርባ ጨምሪ።"
"ያለኝ ዘጠኝ መቶ ነው፤ ለአውቶቡስ አይተርፈኝም፤ እባክህ!"
"ሹፌር አይደለሽም እንዴ? ትከፍያለሽ ደግሞ?" ብሎ አሳቀኝ፣ ሳቅሁ፤
ከራሱ ቤዝ ፈትቶ፣ ሁለት ዓመት ያገለገለ ክር ሰጠኝ፤ በስምንት መቶ ሃምሳ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ መታጠፊያው ላይ ቀንዱ ከሽቦ አመለጠ፤
ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ አንዱ ሰዓቱን ገላመጠ።
ጓንቴን አጥልቄ ወረድኩ፤ ገመዱን ስስብ ከላይ
ሽቦው ያንጎራጉራል! አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልሰማሁትም ወይ?
በሁለት ብረት መሃል ያለ፣ ስም ያልወጣለት፣
ያ የሐሙሱ ድምፅ፣ ከራሴ በላይ ሲዞር የኖረበት።

ማታ ቤቴ ፈለግሁት። አገኘሁት፤ ጠፋኝ።
ደግሞ አገኘሁት። ጎረቤቴ ግድግዳውን ደብድቦ አስቆመኝ።

ሐሙስ ዚግሙንት ሰማና፣ "ዝቅ ብለሻል" አለ።
እውነቱን ነው። የሱ አኮርዲዮን ፋብሪካ ውስጥ ተቀኝቶ ያለቀ ነው፤
እኔ ገና ነኝ።
"አዎ" አልኩት፤ "በል እንደገና እንጀምረው።"