ታኅሣሥ ሃያ ሦስት

ከታች የኑርዬ መኪና ጨርቅ ይሰፋል፣
ከላይ የኔ ኮምፒውተር እያቃሰተ ያድራል፤
ከጦሳ የወረደ ጉም መስኮቴን ይልሳል።
ሰኞ ገበያ ተኝቷል።

መታወቂያ የምታክል አንዲት ቦርድ አለች፣
ካርድ ካልጎረሰች ድንጋይ ማለት ነች።
የምትጎርሰውን ነው ሌሊት የማሰናዳው፣
ከምንጩ ኮድ ቆርጬ፣ በልኳ የምሰፋው።

ሥራዋ አንድ ነው፤ ኮምቦልቻ ወርዳ
እህል መጠበቅ ነው፣ ከጆንያ ጓዳ፤
ማሽላው ሲረጥብ፣ ስንዴው ሲታመም፣
ነቀዝ ሳይቀድማት «ኧረ ድረሱ» ማለት፤ ሌላ የላትም።

ስለዚህ አበጠርኩ።
ድምፁን አወጣሁት፤ ለማን ልትዘፍን?
ካሜራውን ጣልኩት፤ ምን ልታይ፣ ማንን?
ብሉቱዝ፣ ማተሚያ፣ ጨዋታ፣ የመዳፊት ቀስት፣
ሰምቼ የማላውቃቸው የሰባ አገር ቋንቋዎች፣ አንድ በአንድ ወጡበት።
ከስምንት መቶው ሜጋ አርባው ቀረ ፍሬው፤
ሌላው ገለባ ነው፣ ነፋስ ይውሰደው።

አንድ ነገር ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ፦
የግዕዝ ፊደሉን መጣል አቃተኝ።
ሁለት ሜጋ ይበላል፤ ይብላ።
ዘበኛው አያ አሊጋዝ የሚያነበው የለም፣ ከፊደሉ ሌላ።
ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር እንዲያይ
ሃምሳ መስመር ጨመርኩ፣ ከዚያ ላይ።

ከሦስት ሺህ ሥራ ሁለት ሺህ ስምንት መቶው እንዳለቀ
መብራት ሄደ።
(ረቡዕም ሄዶ ነበር፤ ዓርብም።)
የኑርዬ መኪና በእግር ነው፤ ጨለማ አያስቆመውም።
ቀናሁበት።
እንደገና፣ ከአንድ።

ንጋት ላይ ተሳካ። ጥፍር የምታህል ካርድ
በሸሚዝ ኪሴ ይዤ፣ በሐረጎ ስወርድ
ጉሙ ከላይ ቀረ፤ ቦርከና ከሩቅ ብልጭ አለ፤
ሹፌሩ ስለ ናፍጣ ሰልፍ ያወራል፣ ልቤ ከካርዱ ጋር ነው ያለ።

መጋዘን ያዟ ዘምዘም በሩን ከፈተች። ሰካሁ።
አንዴ ጠቀሰች፣ ሁለቴ። ጠበቅሁ።
ሁለት ጣት የማትሞላው ስክሪን በራች፦
«ሙቀት ሃያ ስድስት። እህሉ ደኅና ነው።
ታኅሣሥ ሃያ ሦስት፣
ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሁለት።»

«ተሳስታ ነው» አልኩ፣ ፊቴ እየጋለ፤
«ሰዓት የላትም፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉን ትረሳለች፣
ስትቆጥር ሁልጊዜ ከዚያች ቀን ትነሣለች፤
ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸው የመረጡላት፣
ዜሮ ማለት ነች።»

አያ አሊጋዝ አልሰማኝም። መነጽሩን አውጥቶ
ጠጋ አለ፣ ዱላውን ከጆንያው አስጠግቶ።
«ይህችን ክረምት አይደል በጋ አውቃታለሁ» አለ፤ «ዘጠኝ ዓመቴ።
አራት በሬ ነበረን። ጎተራው ሙሉ። ነበረች እናቴ።»

ከዚያ ለእኔ ሳይሆን፣ ለቦርዷ፣
ለሕፃን እንደሚናገር ጎንበስ ብሎ፦
«ስልሳ ስድስት ገና ነው። አራት ዓመት አለሽ።
ንገሪያቸው እንግዲያ፤ እህሉን አይሽጡት።
በሬውንም።»

ዘምዘም ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ቦርዷን ነቅዬ ደሴ ተመለስኩ። በቁጠባ የነፈግኋትን ሰጠኋት፤
አዝራር የምታህል ባትሪ፣ ከነሰዓቷ በየድኩላት፣
እንዳትረሳ ብዬ።
ግን ስትነሣ፣ ሰዓቷን ገና ሳታይ፣
ሦስት ሰከንድ ያህል ያቺው ቀን ትመጣለች ስክሪኗ ላይ።
ሁለት መስመር ይበቃል፣ ይህን ለመሸፈን።
ጻፍኳቸው።
ሰረዝኳቸው።

ትናንት ማታ ደወለ። ኮምቦልቻ መብራት ሄዶ መጥቷል።
«ደኅና ናት» አለ፤ «እህሉም ደኅና ነው።»
ትንሽ ቆየና፦ «አየኋቸው።»
እነማንን ብዬ አልጠየቅሁም።