ደረጃ ሐ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቆጣሪ አነብ ነበር፣
ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ፣ ከሰው በር ወደ ሰው በር፤
ለውሃ ድርጅት፣ በእርሳስ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣
የብረት ክዳን ገልጬ፣ ጭቃውን በእጄ ጠርጌ።
አንድ አሃዝ ቀንሼ፣ አንድ አሃዝ ጨምሬ አላውቅም፤
ውሻ ነክሶኝ ያውቃል እንጂ፣ ቁጥር ነክሶኝ አያውቅም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ዳር ላይ፣
ጓሮዬ ሁለት ክፍል አለኝ፣ የቆርቆሮው ዝገት የሚታይ፤
አንዱን ለልብስ ሰፊዋ፣ ለትርንጎ፣
ሌላውን ለሚኒባስ ረዳት፣ ከሀላባ ለመጣ ሥራ ፈልጎ።
የእነሱ ኪራይ ናት እንግዲህ፣ ለኪኒንና ለመብራት፣
ይህቺው ናት ገቢ ተብላ፣ ግብር የተጣለባት።

ይሁን፣ እከፍላለሁ። መቼ አልከፍልም አልኩኝ?
ብሩን በኪሴ ይዤ ነው ከሰልፍ ሰልፍ የዞርኩኝ።

"ደረጃ 'ሐ' ነዎት" አለች፣ መስኮት ሁለት ያለችው፤
"ሐመሩ ሐ?" ብዬ ብጠይቅ፣ "ቀጣይ!" ነው የመለሰችው።
መስኮት ሁለት ወደ አምስት፣ አምስት ወደ ፎቅ ሰደደኝ፤
ፎቁ ላይ "ኔትወርክ የለም" የሚል ወረቀት ጠበቀኝ።
በሐምሌ ጭቃ ሦስት ቀን፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በባጃጅ፣
ዶሴዬን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከደጅ ወደ ደጅ።

በአራተኛው ቀን ፋይሌ ተገኘ። ስሜ ግን ጠፋ።

በጡረታ ደብተሬ ላይ፣ ጸዳሉ በጸሎቱ ጸ፤
በቤቱ ካርታ ላይ ደግሞ፣ ፀዳሉ በፀሐዩ ፀ።
"ሁለት ሰው ነው" አለኝ ልጁ።
"እናቴ በጸሎት ነው ያገኘችኝ" አልኩት፣ "ፀሐይ ልጅ አትሰጥም"፤
"አባባ" አለኝ፣ "ሲስተሙ ይሄን ይሄን አያውቅም።"

ወረዳው ሦስት ምስክር አለ፣ ምስክሮቹ መታወቂያ፤
የሦስተኛው ጊዜው አልፎበት፣ ነገሩ ቆመ እዚያ።

"እስቲ ጣትዎን" አለኝ፣ አሻራ በሚለቅመው መስታወት፤
ዐሥሩንም ብሞክር፣ አንድ እንኳ አረንጓዴ አልበራበት።
ለካስ ያ ሁሉ የብረት ክዳን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሞርደኝ፣
እኔ ቁጥር ስለቅምለት፣ እሱ የጣቴን መስመር ለቀመኝ።

ወንበሩ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ከዘራ የያዘ፣ አተኩሮ አየኝ፤
"አንተ! ቃሊቲ ውሃዬን የቆረጥክ!" ብሎ ጠራኝ።
"ከፍዬ ነበር እኮ" አለ፣ "ስሜን አንድ ፊደል ገድፈው፣
ደረሰኜን 'የሌላ ሰው ነው' ብለህ ነው ያለፍከው።"

ምን እላለሁ?
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ጠጋ አለልኝና፣ "ተቀመጥ" አለኝ፣
"ይሄ ሰልፍ ቆመውለት አያልቅም።"

ግብሬ ሦስት መቶ አርባ ብር ነው፤ ባጃጁና ኮፒው ሲደመር፣
አምስት መቶ አልፏል፣ ግብሩን መክፈል ሳልጀምር።

ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ባትሪዬን አበራሁ፤
ጓሮ ዞሬ የራሴን ቆጣሪ ክዳን አነሣሁ።
ትርንጎ ልብስ ታጥባለች፣ መርፌዋ ቀስ ብላ ትዞራለች፤
ስሜን፣ ጣቴን፣ የቱ ጸ ነው ሳትለኝ፣ ዝም ብላ ትቆጥራለች።
ከልማድ የተነሣ፣ መዳፌ ላይ ጻፍኩት፦
ዜሮ ዜሮ አራት ሰባት ሁለት።

ሐምሌ ሠላሳ ሊሞላ፣ ስድስት ቀን ይቀራል።
ነገ በጠዋት ሦስተኛው ምስክሬ፣
ያ ውሃውን የቆረጥኩበት ሰውዬ፣
"እሱው ነው፣ አውቀዋለሁ" ሊል ይመጣል።