ሳይሞቅ

ትናንት ስመጣ የቀይዋ አልፋ ኮፈን ሞቆ ጠበቀኝ፤
መዳፌን አሳረፍኩ፤ ዚግሞንድ ዓይኑን ሰበረብኝ።
«አሙቀህ የምትድራት ምን ደብቀህ ይሆን?»
አልኩት። መልስ የለም። ቆለፈው ጋራዡን።

ዛሬ ተመለስኩ፣ አራድ ላይ ገና ሳይነጋ፣
የበረሃው ውርጭ መስታወቷን ሲወጋ።
ቁልፉን ራሱ አዞረ። ሳለች። ደገመ። ሳለች።
ከማርሚታዋ ላይ የጉም ዛፍ ተከለች።

ነጩ ውሃ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይተናል፤
ሰማያዊው ዘይት ነው፤ ዕድሜ ይናገራል።
ሰማያዊ ነበር። እሱም አየኝ፤ አውቋል።

«ሚስቴ» አለኝ ዝግ ብሎ፣ «ሳልነቃ ተነሥታ
ተኳኩላ ትጠብቀኝ ነበር በፈገግታ።
ያልተኳለ ፊቷን ሆስፒታል ነው ያየሁት፤
ያን ነው፣ ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ያጣሁት።»

«ለፒስቶን ፋሻ» ብሎ ሁለት ሺህ ሼቄል ቀነሰ፤
ቁልፉን እስኪለቅልኝ ግን ረፋዱ ደረሰ።