ከሰዓት ተመለሱ

ከቸርችል ቁልቁለት፣ ከፖስታ ቤት ማዶ፣
ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ጎድጉዶ፣
አንዲት መስኮት አለች፣ ለእጅ ያህል ተከፍታ፣
ፖስታ የማድልባት ጠዋትና ማታ።
የጉበት፣ የስኳር፣ የኩላሊት ነገር
ታሽጎ ይወጣል ከጣቴ ወዳገር።
ሰው «ሲስተር» ይለኛል፤ አላርምም፣ ደክሞኛል፤
ጋወኑ የትርሲት ነው፣ ትከሻው ሰፍቶኛል።
አምና አልፋ ስትሄድ ሰጠችኝ፣ ለገድ ብላ፤
ገዷን ግን ወሰደች ከጋወኑ ነጥላ።

ዘጠና አንደኛው ጥያቄ ላይ መልሴ «ቢ» ነበረ፤
ሦስት ደቂቃ ሲቀረኝ ጣቴ ተደናገረ፣
«ሲ» ላይ ሄዶ ቀረ።

ይኸው ሁለት ወሩ።
ጸጉሬን ስታጠብ «ቢ»፣ ትራስ ላይ ስጋደም «ሲ»፤
ወራጅ ማለት ረስቼ ሜክሲኮን ያልፋል ታክሲ።
ረዳቱ ይስቅብኛል፦
«እህት፣ ዛሬም አለፈሽ?»

ይሄ ማለፍ የሚሉት ቃል፣ መቼ ነው የገባኝ?
አባዬን «አለፈ» ብሎ ነው በስልክ ሰው ያረዳኝ።
ክረምት ያልፋል። ባቡር ያልፋል፣ በስታዲየም ድልድይ ላይ።
«ሁሉም ያልፋል» ትላለች እማዬ፣ ፊቴን ስታይ።
አላለፍኩም፤ አልወደቅኩም፤
ደህና ነሽ ወይ ሲሉኝ «አለሁ» እላለሁ፤ የለሁም።

ኪሩቤል በቴሌግራም፦ «ነገ ይለቀቃል፤
የአክስቴ ልጅ ሚኒስቴር ነው፣ ከሁሉ ሰው ያውቃል።»
ሹፌር መሆኑን እናውቃለን ሁላችንም፤
ቢሆንም ያን ሌሊት አንዳችን አልተኛንም።

ስልኬን ከመዝገቡ ስር ደብቄ እከፍታለሁ፤
የመለያ ቁጥሬን በጥፍሬ እጽፋለሁ፤
ክቧ ትዞራለች፣
ትዞራለች፣
ቴዎድሮስ አደባባይ ገብታ መውጫ እንዳጣች መኪና፤
ከዚያ፦ «ቆይተው ይሞክሩ»፤
ከዚያ ክቧ እንደገና።

ሐሙስ ዕለት መስኮቴ ላይ አንዲት ሴት ቆመች፤
የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ደረሰኟን ፈለገች።
አንገቴን ሳላቀና «ከሰዓት ተመለሱ» አልኳት፣
በቀን መቶ ጊዜ እንደምለው፣ እንደ ሳል፣ እንደ ማዛጋት።

ምሳ ሰዓት ላይ ስወርድ
ፖስታ ቤቱ አጥር ስር አገኘኋት ተቀምጣ፣
ዳቦ ፌስታል ውስጥ ይዛ፣ ለመቁረስ አቅም አጥታ።
ከአስኮ በሁለት ታክሲ ነው፤
ሄዶ መመለስ አይታሰብ።
ያለ ጋወን አላወቀችኝም።
ፌስታሏን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ፤
ተቀመጥኩ። ቆይታ ቆይታ ሰዓት ጠየቀችኝ።
ስልኬን አየሁ፤ ክቧን አየሁ፤
ሰዓቱን ግን አላየሁም፤ እንደገና አየሁ።
«ስድስት ተኩል።»
«ገና ነዋ» አለች።
«ገና ነው» አልኩ።
ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም መንገዱን ነበር የምናየው፣
ወደ ለገሃር የሚወርደውን መኪና፣ አንድ በአንድ ስናሳልፈው።

ስምንት ሰዓት ላይ ጋወኔን ለብሼ ስሟን ጠራሁ፦
«አስካለ ቱፋ!»
መጣች። ፊቴን አየች፤ ጋወኑን አየች፤ ምንም አላለች።
ፖስታውን በሁለት እጄ ሰጠኋት።
ውስጡን አውቀዋለሁ፤
ማንበብ አልተከለከልኩም፤ መፈረም ነው ያልተፈቀደልኝ፤
መናገርም የሐኪሟ ነው።

«እዚህ ልክፈተው» አለችኝ፣ «ወይስ ቤቴ ገብቼ?»
ሁለት ምርጫ። «ቢ» ወይም «ሲ»።
ምን ልበላት አፌን ከፍቼ?
ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ፤
እጄ ግን፣ ከእጇ ጋር፣ ፖስታው ላይ ነበረ።